«ያሳመመኝ ችኩልነቴ ነው ወይ?» ለአንድ የመርካቶ ነጋዴ ጥያቄ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

የ43 ዓመቱ ጠያቂያችን መርካቶ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላቸው። እናታቸው ለብዙ ዓመታት ከስኳር በሽታ ጋር ኖረው አርፈዋል። እርሳቸውም ከወር በፊት ባደረጉት ምርመራ በባዶ ሆድ የተለካው የደም ስኳራቸው 113 ሚሊግራም በዴሲሊትር፣ ኤዋንሲ የሚባለው ምርመራ ደግሞ 6.1 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። የጻፉልን እንዲህ ይላል፦ «ቶሎ እገዛለሁ፣ ቶሎ እሸጣለሁ፣ ቶሎም እቆጣለሁ። ሻይ በቀን አምስት ጊዜ፣ በየብርጭቆው ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨምሬ እጠጣለሁ። ገበያ ከደራ ምሳዬን ዘልዬ ረሃቤን በአንድ ጠርሙስ ለስላሳ አስታግሳለሁ፤ ማታ 3 ሰዓት ላይ ቤት ስገባ ግን ያገኘሁትን ሁሉ እበላለሁ። ባለቤቴ ‹የቸኮለ አፍሶ ለቀመ› ትለኛለች። ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ግብታዊ ሰዎች በስኳር በሽታ እንደሚያዙ በጥናት ተረጋግጧል አለኝ። እውነት ነው? ያሳመመኝ ጠባዬ ነው ወይስ ስኳሩ ነው ጠባዬን ያበላሸው? ስምንተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ በጠባይ እኔን ትመስላለች፤ ለእሷስ ልስጋ?»

የተከበሩ ጠያቂ፣ ዋናውን መልስ አስቀድሜ ልንገርዎ። በግብታዊ ውሳኔና በስኳር በሽታ መካከል ግንኙነት መኖሩን የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ግንኙነቱ ግን መጠነኛ ነው፣ የሚያልፈውም በአብዛኛው በምግብ፣ በእንቅስቃሴ፣ በእንቅልፍና በሕክምና ክትትል በኩል ነው። ችኩልነት ብቻውን ቆሽትን አያደክምም። ሁለቱም ወገን በሌላው ላይ ተጽዕኖ ስላለው «የትኛው ቀደመ?» የሚለው ጥያቄዎ አንድ ቃል መልስ የለውም። ከሁሉ በላይ ግን እንዲረዱልኝ የምፈልገው፣ መለወጥ የሚገባው ጠባይዎ ሳይሆን ውሳኔዎችዎ የሚወሰኑበት ሰዓትና ቦታ መሆኑን ነው። ይህን የምለው ለማጽናናት ብዬ አይደለም፤ ምክንያቱን በሰፊው አስረዳለሁ።

በመጀመሪያ ቁጥሮቹን እንመልከት። በባዶ ሆድ 126 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ፣ ወይም ኤዋንሲ 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ በተደጋጋሚ ምርመራ ሲገኝ የስኳር በሽታ ይባላል። የእርስዎ 113 እና 6.1 ከዚያ በታች፣ ከጤናማው ልክ ደግሞ በላይ ስለሆኑ ቅድመ ስኳር በሽታ በሚባለው ደረጃ ላይ ነዎት። ኤዋንሲ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ካለው ሂሞግሎቢን ጋር የተጣበቀውን የስኳር መጠን የሚለካ ሲሆን፣ ሕዋሱ ወደ 120 ቀናት ስለሚኖር ውጤቱ ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት ይመሰክራል። በዚህ ደረጃ ሰውነትዎ ለኢንሱሊን፣ ማለትም ቆሽት ለሚያመነጨውና ስኳርን ከደም ወደ ሕዋሳት ለሚያስገባው ንጥረ ነገር፣ የሚሰጠው ምላሽ ቀንሷል፣ ቆሽትዎም ጉድለቱን ለመሙላት ከወትሮው በላይ እየሠራ ነው። ገና ያልተዘጋ በር ስለሆነ ጥያቄዎ በጥሩ ጊዜ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ችኩልነት እንምጣ። ቃሉ በአንድ ስም የተለያዩ ነገሮችን ስለሚሸፍን መለየት ይኖርብናል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ስኮት ዲክማን እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው ሥራ ጠቃሚና ጎጂ ግብታዊነትን ለይቶ አሳይቷል። አንድ ነጋዴ ጨርቁን ዳስሶ፣ ዋጋውን ሰምቶ፣ በደቂቃ ውስጥ «አምጣው» ወይም «ተወው» ሲል ከጀርባው የሃያ ዓመት ልምድ አለ፤ ፈጥኖ ቢወስንም ሳያስብ ወሰነ አይባልም። ጎጂው ግብታዊነት ሌላ ነው፤ የኋላውን ሳያመዛዝኑ፣ ማመዛዘን በሚገባበትና በሚቻልበት ጊዜ እንኳን፣ ፊት ለፊት ወደተገኘው ነገር መሳብ ነው። በደብዳቤዎ ውስጥ ያለው የንግድ ፍጥነትዎ ከመጀመሪያው ወገን ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ማታ 3 ሰዓት ላይ ያለው የቤትዎ ሁኔታ ግን ከሁለተኛው ይመስላል። እነዚህን ሁለቱን አንድ አድርጎ «እኔ ችኩል ሰው ነኝ» ብሎ መፍረድ በራስ ላይ ትክክል ያልሆነ ፍርድ ነው።

ተመራማሪዎች ከስኳር በሽታ ጋር አያይዘው በብዛት የሚያጠኑት አንድ የተወሰነ ዝንባሌን ነው፤ ይኸውም የዘገየን ጥቅም ማርከስ ሲሆን፣ ሩቅ ያለ ትልቅ ጥቅም ቅርብ ካለ ትንሽ ጥቅም አንሶ መታየቱ ነው። የሚለኩትም በጥያቄ ነው፦ «ዛሬ 1,000 ብር ትመርጣለህ ወይስ ከሦስት ወር በኋላ 1,500?» ይሉና ቁጥሮቹንና ጊዜውን እየቀያየሩ የሰውየውን ሚዛን ያገኛሉ። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። እርስዎ ዛሬ 1,000 ብሩን ቢመርጡ ብሩ በሦስት ወር ውስጥ ስንት ጊዜ ተገላብጦ ከ1,500 በላይ ሊሆን ይችላል፤ ዋጋ በየጊዜው በሚጨምርበት ገበያ መጠበቅ ራሱ ኪሳራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መለኪያው የሰውን ጠባይ ብቻ ሳይሆን የሚኖርበትንም ሁኔታ ይለካል።

ሆኖም ከዚህ ዘርፍ የተገኘ አንድ ግኝት ለእርስዎ በጣም ይጠቅማል። የሩቅ ጥቅም ዋጋ በእኩል እርምጃ አይቀንስም፤ ፈተናው ሩቅ ሳለ አእምሮአችን በትክክል ይመዝናል፣ ፈተናው እጃችን አጠገብ ሲደርስ ግን ሚዛኑ በድንገት ያጋድላል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከቤት ሲወጡ «ዛሬ ለስላሳ አልጠጣም» ያሉት ከልብዎ ነው፤ በዚያ ሰዓት ለስላሳውም ጤናውም ሩቅ ስለሆኑ ትልቁ ትልቅ ሆኖ ይታያል። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ ምሳ ሳይበሉ፣ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ሲቀርብልዎ ግን ጤናው አሁንም ሩቅ ነው፣ ጠርሙሱ ደግሞ እጅዎ ላይ ነው። የጠዋቱ ሰውም የዘጠኝ ሰዓቱ ሰውም እርስዎ ነዎት፤ የተለወጠው ርቀቱ ነው። ብዙ ታካሚዎች ይህን ባለማወቃቸው የጠዋቱን ቃላቸውን እንደ ውሸት፣ የከሰዓቱን ድርጊታቸውን ደግሞ እንደ እውነተኛ ማንነታቸው እየቆጠሩ ራሳቸውን ይንቃሉ።

ወዳጅዎ የነገሩዎት ነገር መሠረት አለው። የሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ (ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ሲቀንስ የሚመጣው) ወይም ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸው ሰዎች በአማካይ ሲታዩ የዘገየን ጥቅም የማርከስ ዝንባሌያቸው ከሌላው ሰው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ከታማሚዎቹም መካከል ይህ ዝንባሌ የሚያይልባቸው መድኃኒታቸውን በአግባቡ የመውሰድ፣ ምግባቸውን የመቆጣጠርና እንቅስቃሴ የማድረግ ችግር በርከት ብሎ ይታይባቸዋል፣ ኤዋንሲያቸውም ከፍ የማለት አዝማሚያ ያሳያል። ነገር ግን «በአማካይ» የሚለው ቃል ከባድ ጭነት አለው፤ እጅግ ታጋሽ የሆኑ ታማሚዎችም፣ እጅግ ችኩል የሆኑ ጤነኞችም ሞልተዋል። አብዛኞቹ ጥናቶች ሰዎችን በአንድ ወቅት ብቻ ስለሚመለከቱ የትኛው የትኛውን እንዳመጣ አይለዩም፤ ገቢ፣ ትምህርትና ዕድሜም በሁለቱም ላይ ተጽዕኖ አላቸው። በፊንላንድ ተዘጋጅቶ በብዙ አገሮች የሚሠራበት የተጋላጭነት መመዘኛ ዕድሜን፣ የሰውነት ክብደትን፣ የወገብን ዙሪያ፣ እንቅስቃሴን፣ አትክልትና ፍራፍሬ መመገብን፣ የደም ግፊት መድኃኒትን፣ ቀድሞ የታየ ከፍ ያለ ስኳርንና የቤተሰብን ታሪክ ይጠይቃል፤ ስለ ጠባይ የሚጠይቀው ነገር የለም። የእናትዎ ሕመምና በምርመራ የታየው ከፍ ያለ ስኳርዎ በመመዘኛው ላይ ነጥብ አላቸው፤ «ቶሎ እቆጣለሁ» ማለትዎ የለውም።

የአንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ደግሞ የሰውነት መከላከያ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን የቆሽት ሕዋሳት በማጥፋቱ የሚመጣ ስለሆነ ከማንም ጠባይ ጋር ግንኙነት የለውም። ይህን የምጨምረው በዚህ ዓይነቱ የተያዙ ሕፃናት «ጣፋጭ ስላበዛህ ነው» እየተባሉ ሲወቀሱ ደጋግሜ ስለሰማሁ ነው። በአገራችን ገጠርም ጠግበው በልተው የማያውቁ ቀጫጭን ሰዎች በስኳር በሽታ ይያዛሉ። እነዚህን ሰዎች ስለ ሆዳቸው መክሰስ ግፍ ነው።

ስለ ትዕግሥት ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚጠቅሰው የሥነ ልቦና ተመራማሪውን የዋልተር ሚሸልን ሙከራ ነው። እርሱና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሕፃናትን ፊት ለፊታቸው ጣፋጭ አስቀምጠው «እስክመለስ ብትጠብቅ ሁለት ታገኛለህ» ይሏቸው ነበር። የጠበቁት ሕፃናት ሲያድጉ የተሻለ ሕይወት እንደኖራቸው ለብዙ ዓመታት ሲወራ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 በብዙ ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት ግን የቤተሰብ ሁኔታና ሌሎች ነገሮች ሲታሰቡ ያ ግንኙነት እጅግ እንደሚያንስ አሳየ። ከዚያ በፊት በ2013 በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ የተሠራ አንድ ትንሽ ሙከራ ደግሞ ልብ ይነካል። ሕፃናቱ መጀመሪያ ላይ ቃሉን የሚጠብቅ ወይም የማይጠብቅ አዋቂ ገጠማቸው፤ ከዚያ ጣፋጩ ተሰጣቸው። አዋቂው ቃሉን የጠበቀላቸው በአማካይ ወደ 12 ደቂቃ ጠበቁ፣ ቃሉን ያጠፈባቸው ግን ወደ 3 ደቂቃ ብቻ። በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ልዩነት የሕፃናቱ ተፈጥሮ አልነበረም፤ ነገ የሚባለው ነገር ይመጣል ብለው የሚያምኑበት ምክንያት ነበር። ነገው እርግጠኛ ያልሆነበት ሰው ዛሬን ቢይዝ ሞኝ አይደለም።

የአካባቢን ኃይል በተመለከተ ከእኛው ሕዝብ የቀረበ ምስክር አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ከኢትዮጵያ ገጠር ወደ እስራኤል ሲገቡ የስኳር በሽታ በመካከላቸው ብርቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመ ጥናት ግን ከገቡ ጥቂት ዓመታት ብቻ በሆናቸው ወጣቶች ላይ በሽታው ከሚጠበቀው በላይ በዝቶ አገኘ፤ በኋላ የተደረጉ ምርመራዎችም ማኅበረሰቡ ለበሽታው በእጅጉ የተጋለጠ መሆኑን አረጋግጠዋል። እነዚህ ሰዎች በአራትና በአምስት ዓመት ውስጥ ትዕግሥታቸውን አላጡም። ዘራቸውም አልተለወጠም። የተለወጠው በእግር የሚሄዱት መንገድ፣ በገበታው ላይ የሚቀርበው ነጭ ዳቦ፣ ስኳርና ዘይት፣ ከዚያም ጋር የስደት ጭንቀት ነው። በዘር የመጣ ተጋላጭነት ቢኖርም እንኳን አዲሱ ኑሮ እስኪነካው ተኝቶ ነበር። እርስዎም ከእናትዎ የልጅነት ኑሮ እስከ መርካቶ ሱቅዎ ስንት ዓይነት ለውጥ እንደተደረገ ያስቡት።

ወደ ጥያቄዎ ሁለተኛ ክፍል ልለፍ፤ ስኳሩ ጠባይን ያበላሻል ወይ? አእምሮ ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ቢሆንም የምንጠቀመውን ኃይል 20 በመቶ ገደማ ይወስዳል፣ ዋናው ነዳጁም ግሉኮስ ነው። የደም ስኳር ከ70 ሚሊግራም በታች ሲወርድ ሰውነት አድሬናሊን ይረጫል፤ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ይመጣል፣ ሰው ይቆጣል። ከ54 በታች ሲሆን ማሰብና ማመዛዘን በግልጽ ይዳከማል። ይህ በብዛት የሚደርሰው ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ መድኃኒት በሚወስዱ ሰዎች ላይ ስለሆነ መድኃኒት የማይወስዱትን እርስዎን የሚያሰጋዎት አይመስለኝም። ሆኖም መድኃኒቱን የሚወስድ ዘመድ ካለዎት ይህን ያውቁለት ዘንድ እመክራለሁ፦ በድንገት የተቆጣ፣ የማይሆን ነገር የሚናገር የስኳር ታማሚ ከመወቀሱ በፊት ስኳሩ መለካት አለበት። ዝቅ ካለና መዋጥ ከቻለ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣትና 15 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መለካት በቂ ነው። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጡ በአስቸኳይ ወደ ሕክምና መውሰድ ያስፈልጋል። ያ 15 ደቂቃ ለታማሚው እጅግ ረጅም ነው፤ ብዙዎች በዚያ ሰዓት የቤቱን ምግብ ሁሉ በልተው ከአንድ ሰዓት በኋላ ስኳራቸው 300 ይገባል፤ ከዚያም ሐኪሙ «ለምን ራስህን አትቆጣጠርም?» ይላቸዋል። እንዲህ ያለው ሰው ራሱን መቆጣጠሪያው አካል ነዳጅ አጥቶበት ስለነበር ወቀሳው አይገባውም።

ጤነኛ ሰው ላይ ያለው ነገር ከዚህ ለየት ያለ ነው። ራስን መግዛት ግሉኮስ እንደሚጨርስና ጣፋጭ በመጠጣት እንደሚታደስ እ.ኤ.አ. በ2007 የቀረበ ሐሳብ ብዙ ተወርቶለት ነበር። እርሱ የቆመበት መሠረት፣ ይኸውም ራስን መግዛት በሥራ ይደክማል የሚለው አስተሳሰብ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ብዙ ቤተ ሙከራዎች በጋራ ሲፈትኑት የተገኘው ውጤት ወደ ዜሮ የቀረበ ሆነ። ስለዚህ «አእምሮዬ እንዲሠራ ለስላሳ ያስፈልገኛል» የሚለው ምክንያት አይጸናም። ረሃብ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ምሳውን የዘለለ ሰው ለምግብ ያለው ጉጉት እንደሚጨምር ማንም ያውቃል፣ ማታ ያገኙትን ሁሉ መብላትዎም ከጠባይ ይልቅ የዚያ ቀን ሒሳብ ነው። እንቅልፍም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 11 ጤነኛ ወጣቶች ለስድስት ሌሊት በየሌሊቱ አራት ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ሲደረግ ሰውነታቸው ስኳርን የማስተናገድ ችሎታው በግልጽ እንደቀነሰ አሳይቷል። ከሰዓት በኋላ ጫት የሚቅሙ ከሆነ፣ ከጫቱ ጋር የሚጠጣው ለስላሳና ስኳር፣ የሚጠፋው የምግብ ፍላጎትና የሚዘገየው እንቅልፍ በአንድ ላይ ተደምረው በእርስዎ ላይ እንደሚሠሩ ይወቁት።

አሁን ምን እናድርግ? ለታካሚዎቼ ለብዙ ዓመታት «ራስዎን ይግዙ» እያልሁ ስመክር ኖሬአለሁ፣ ያ ምክር የረዳው ሰው ግን ጥቂት ነው። የተሻለውን ያስተማረኝ እርስዎ ያሉበት ገበያ ነው። እቁብ እንደሚጥሉ አልጠራጠርም። እቁብ ምን እንደሆነ ያስቡት እስቲ፦ ሰው ብሩን ቤቱ ቢያስቀምጠው እንደሚበላው ስለሚያውቅ፣ ብሩ እጁ ሳይገባ አስቀድሞ ቃሉን ለዳኛው ይሰጣል፣ ዋስ ያቆማል፣ ቀኑ ሲደርስም «ልክፈል ወይስ ልተው?» ብሎ አያመዛዝንም። ትዕግሥት የሌለው ነጋዴ እንኳን እቁቡን አያሳልፍም፤ ምክንያቱም ውሳኔው የተወሰነው ፈተናው ሩቅ በነበረበት ቀን ነው። ጾምም እንደዚያው ነው። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን የጾመ ሰው፣ ወይም በረመዳን ከንጋት እስከ ማታ ውኃ ያልቀመሰ ሰው፣ ራሱን መግዛት አይችልም ልንለው አንችልም፤ ሥርዓቱ አስቀድሞ ስለወሰነለት በየሰዓቱ ከራሱ ጋር አይሟገትም። በነገራችን ላይ የጾም ምግብ በራሱ ስኳርን ዝቅ ያደርጋል ማለት አይደለም፤ ዳቦ፣ ፓስታና ድንች የጾም ናቸው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ደግሞ ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት።

ስለዚህ ለሻይዎ እቁብ ያብጁለት። ሻይ የሚያመጣልዎትን ልጅ ዛሬ ጠዋት ይጥሩትና «ከእንግዲህ ለእኔ ስኳር ለብቻው፣ አንድ ማንኪያ ብቻ» ብለው አንዴ ይንገሩት፤ በየብርጭቆው እንዳይወስኑ። መጠኑ ቀላል አይደለም። የአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ወደ 4 ግራም ስለሚመዝን የቀኑ ሻይዎ ብቻ 60 ግራም ስኳር አለው፣ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 30 ግራም ያህል ይጨምርበታል። የዓለም ጤና ድርጅት የተጨመረ ስኳር ከቀን የምግብ ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ ይህ በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 50 ግራም ነው፣ ከተቻለም ግማሹ። ሻዩን ወደ አንድ ማንኪያ ማውረድ ብቻ ከ60 ወደ 20 ግራም ያደርስዎታል። ለጎረቤት ሱቅ ባለቤት ይህን ቃልዎን ቢነግሩት እርሱ ዋስ ይሆንልዎታል፤ መርካቶ ውስጥ ቃል የሚያጥፍ ሰው ምን እንደሚባል ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።

ለምሳው ደግሞ የሚረዳው «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አደርጋለሁ» የሚል የተወሰነ እቅድ ነው። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፒተር ጎልቪትዘር እንዲህ ያለው እቅድ ከጥቅል ምኞት የበለጠ ወደ ተግባር እንደሚያደርስ በተከታታይ ሥራዎቹ አሳይቷል። «በደንብ እበላለሁ» አይበሉ፤ «7 ሰዓት ሲሆን ደንበኛ ቢኖርም ባይኖርም ከቤት ያመጣሁትን ምሳ እበላለሁ፣ ረዳቴ ሱቁን ይይዛል» ይበሉ። ባለቤትዎ ምሳዎን በሰሃን ቢያዘጋጁልዎት፣ ጎመኑና ምስሩ በዝቶ እንጀራው ቢቀንስ መልካም ነው። ከምግብ በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በእግር መሄድ ከምግቡ በኋላ የሚመጣውን የስኳር ከፍታ ዝቅ ያደርጋል፤ ጡንቻ ሲሠራ ከደም ውስጥ ስኳር የሚወስድበት መንገድ ሁሉም በኢንሱሊን ላይ የተመሠረተ ስላልሆነ ነው። ማታ ግን ቤት ውስጥ የሌለውን ነገር ማንም አይበላምና ለውሳኔው ትክክለኛው ቦታ ቅዳሜ የሚገዛበት አስቤዛ ነው።

ሌላው የበሽታው ተንኮል ዝምታው ነው። ለስላሳው ወዲያው ያረካል፣ ጉዳቱ ግን ከአሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ በዓይን፣ በኩላሊትና በእግር ላይ ይታያል፤ ይህን ያህል የራቀን ነገር ማንም ሰው ቢሆን ያረክሰዋል። መለኪያ ማሽን ካገኙ ለሁለት ሳምንት ያህል በአንዳንድ ቀን ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላ ይለኩና በማስታወሻ ይያዙት፤ የጣት መመርመሪያው ውድ ስለሆነ በየቀኑ አያስፈልግም። ለስላሳ የጠጡበትንና ያልጠጡበትን ቀን ቁጥር ጎን ለጎን ሲያዩት ሩቅ የነበረው ውጤት ዛሬ ይመጣል። በቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ ሊዮናርድ ኤፕስታይንና ባልደረቦቹ የሚሠሩበት ሌላ ዘዴም አለ፦ ሰው ወደፊት የሚገጥመውን አንድ የተወሰነ ደስታ በዝርዝር እንዲያስብ ማድረግ። «ጤና» የሚለውን ቃል ሳይሆን ልጅዎ የምትመረቅበትን ቀን፣ የለበሰችውን፣ አጠገብዎ የቆመውን ሰው ያስቡት። ይህ ልምምድ የሰዎችን ሚዛን ወደ ነገ እንደሚያዘነብል በተደጋጋሚ ታይቷል፤ ለረጅም ጊዜ ኤዋንሲን ስለማውረዱ ግን የጸና ማስረጃ ስለሌለ በሌላው ሁሉ ላይ የሚጨመር ረዳት አድርገው ይያዙት።

ተስፋዎን ያለ መሠረት እንዳይመስልዎት አንድ ትልቅ ጥናት ልጥቀስ። በአሜሪካ በእርስዎ ደረጃ ላይ የነበሩ 3,234 ሰዎች በሦስት ተከፍለው ለሦስት ዓመት ገደማ ክትትል ተደረገላቸው፣ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2002 ታተመ። ክብደታቸውን በ7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ የተደገፉት ወደ ስኳር በሽታ የመሻገር ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ፣ ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት የወሰዱት ደግሞ በ31 በመቶ።  በአኗኗር ለውጥ ለተደገፉት የተሰጣቸው 16 ትምህርት፣ የሚጠይቃቸው አሰልጣኝ፣ የሚጽፉበት ደብተርና የተወሰነ ግብ ነው። ከመጠን በላይ ክብደት ካለዎት ሜትፎርሚን ያስፈልግዎት እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ መድኃኒት መጀመር ደግሞ የሽንፈት ምልክት አይደለም።

የጭንቀትና የመቸኮል ነገርዎ ከልጅነት ጀምሮ የነበረ፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻልን፣ ዕቃ መርሳትን፣ የጀመሩትን አለመጨረስን የሚጨምር ከሆነ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ሊያይዎት ይገባል። የትኩረት ማነስና የእረፍት የለሽነት ችግር አዋቂዎች ላይም ይኖራል፣ ሕክምናም አለው፤ ችግሩ ያለባቸው ሰዎች ለውፍረትና ለሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ያላቸው ተጋላጭነት ከፍ ብሎ የታየ በመሆኑም ችላ የሚባል አይደለም።

ስለ ልጅዎ የጠየቁት ጥያቄ ከሁሉ ይበልጥ አሳስቦኛል። የስኳር በሽታ በቤተሰብ ውስጥ የመተላለፍ ዝንባሌ ስላለው ከመጠን ያለፈ ውፍረት ካለባት አንድ ጊዜ ቢያስመረምሯት ጥሩ ነው፤ ከሌለባት አሁን የሚያስጨንቅ ነገር የለም። ነገር ግን እባክዎ «እንደ እኔ ችኩል ነሽ፣ ስኳር ይይዝሻል» አይበሏት። በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ አእምሮ ቅርቡን ከሩቁ ማስበለጡ የዕድገቱ አንድ ክፍል ነው፣ ዕድሜ ሲጨምርም ይበርዳል። ለእሷ የሚጠቅማት እርስዎ የሚነግሯት ቃል ሲፈጸም ማየቷ ነው። እሁድ ጠዋት በእግር ይዣት እወጣለሁ ካሏት ይውጡ፤ ሻይ በአንድ ማንኪያ ካሉ በቤትም በአንድ ማንኪያ ይጠጡ።

ኤዋንሲዎን ከሦስት ወር በኋላ ይድገሙት። ከዚያ በፊት ግን ጥም ከበዛብዎት፣ ሽንት ሌሊት ደጋግሞ ካስነሳዎት ወይም ሳይፈልጉ ክብደትዎ ከቀነሰ ቀጠሮውን ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ ሲሄዱም የመዘገቡበትን ደብተር ይዘው ይሂዱ።